ጉልበት ያለው መኪና መሬት የሚይዘው በምንድን ነው?

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ የመምህር ሥራ ላይመስል ይችላል። እኔ መኪናም መንጃ ፈቃድም የለኝም። ሆኖም እዚህ ዳሚ ሰፈር ማታ ማታ ከማስተምራቸው ወጣቶች መካከል ሦስቱ ጎሚስታ ቤት፣ ሁለቱ ጋራዥ፣ አንዱ መኪና እጥበት ይሠራሉ። ስለዚህ የፊዚክስ ጥያቄያቸው የሚመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ቀን ከዋሉበት ቦታ ነው።

ከእነዚህ አንዱ፣ ዕድሜው 19 ዓመት የሆነ ልጅ፣ አንድ ምሽት ደብተሩን ሳይገልጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ምን ሆነህ ብለው የሚከተለውን ነገረኝ። አንድ ደንበኛ ማርክ ቱ መኪናውን ይዞ መጣ። አራቱም ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ልሙጥ ሆነዋል። ሰውየው አዲስ ጎማ መግዛት አልፈለገም፤ በጋለ ብረት አዲስ ጥርስ ቆፍርልኝ አለው፤ ደህና ገንዘብም ሊከፍለው ነው። «ቲቸር፣ እምቢ ካልኩ ሌላው ይሠራለታል፣ እኔ ሥራዬን አጣለሁ። እሺ ካልኩና መኪናው ከተገለበጠ ደግሞ ማን ሠራው ሲባል እኔ ነኝ የምጠራው። ስደተኛ መሆኔን ያውቃሉ። ምን ላድርግ?» አለኝ። ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም። እርሱ የሚያውቀውን የእጅ ሥራና እኔ የማውቀውን ትንሽ ፊዚክስ አንድ ላይ አድርገን ሁለት ሳምንት ያህል ተነጋገርንበት። እዚህ የጻፍኩት ያንን ነው።

በመጀመሪያ ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ሐርጌሳ ውስጥ በብዛት የምናያት ትንሿ ቪትዝ፣ ባለ 1 ሊትር ሞተሯ፣ ጉልበቷ 70 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ማርክ ቱ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ተርቦ ያለው ባለ 2.5 ሊትሩ ግን 280 የፈረስ ጉልበት አለው። አራት ቪትዝ በአንድ ኮፈን ሥር ታስረዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ቪትዝ አብዛኛውን ጊዜ የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ሲሆን ማርክ ቱ ግን በአብዛኛው የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ነው። ይህ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጉልበት መሬት የሚነካው በምን ያህል ቦታ ነው? ይህን ጥያቄ ለክፍሉ ሰጥቼ ነበር። አንዱ «እንደ ፍራሽ» አለ፤ ሌላው «እንደ በር» አለ። በሰሌዳ ላይ አሰላነው። መኪናው 1400 ኪሎ ይመዝን እንበል፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጎማ 350 ኪሎ ይደርሰዋል። የጎማው ነፋስ 32 ፒኤስአይ ከሆነ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2.25 ኪሎ ያህል ይሸከማል። 350 ለ2.25 ሲካፈል 155 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። የአራቱም ጎማ ሲደመር 620 ነው። ከዚያም አንድ የኤ ፎር ፎቶ ኮፒ ወረቀት በማስመሪያ ለክተን አባዛን፤ 21 ሲባዛ በ29.7፣ 624 መጣ። ግምት ነው፤ የጎማው ጎን ራሱ ጥቂት ይሸከማልና ልኩ በትክክል እንዲህ አይደለም። ነገር ግን ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ሳሳያቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። በውስጡ አምስት ሰው ተሳፍሮበት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና መንገዱን የያዘው በዚያች ወረቀት ነው። የቪትዝም ወረቀት ከዚህ ብዙ አያንስም። ጉልበቱ አራት እጥፍ ቢሆንም ወረቀቱ አራት እጥፍ አልሆነም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሰፊ ጎማ ከተገጠመ መሬት የሚነካው ቦታም በዚያው ልክ ይሰፋል ብለው ያስባሉ። ከላይ ያለውን ሒሳብ ያየ ሰው እንደሚረዳው፣ ቦታውን በዋናነት የሚወስኑት ክብደቱና ነፋሱ ናቸው። ሰፊ ጎማ የቦታውን ቅርጽ ይለውጠዋል፤ በርዝመት የነበረው ወደ ጎን ይሄዳል። ይህም በመታጠፊያ ላይ ይጠቅማል፤ ጎማው ጠንክሮ ይቆማል፣ መሪውም ቶሎ ይታዘዛል። ሆኖም ጎማው ከመኪናው ልክ አልፎ ሲሰፋ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል፣ በኩሽኔታው ላይም ጫና ያበዛል፣ በጭቃና በውሃ ላይ ደግሞ ከቀጭኑ ቀድሞ ይንሳፈፋል። ሰፊ ቸርኬ ለዓይን ያምራል እንጂ ተአምር አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በትምህርት ቤት ሰበቃ ብለን የተማርነው ኃይል ለጎማው የሚሰጠው በልክ ነው። እኛ ስደተኞች ራሽን ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ጎማም የራሽን ካርድ አለው። መኪናው ሲፋጠን፣ ሲታጠፍና ፍሬን ሲያዝ ሦስቱም የሚዘግኑት ከዚያው ከአንዱ ከረጢት ነው። ሹፌሩ በመታጠፊያ መካከል እያለ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ከረገጠ ከረጢቱ ለፍሬን ብቻ ባዶ ይሆናል፤ ለመታጠፍ የሚቀር የለም። ያን ጊዜ መሪው ይዞራል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብዙ ሰው «መሪው እምቢ አለኝ» የሚለው ይህንን ነው።

አካፈሉ ግን እንደ ዱቄት ተራ ቅነሳ አይደለም። የፒታጎረስን ደንብ የምታስታውሱ፣ 6፣ 8 እና 10 የሆነውን ባለ ቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት አስቡ። 10 የጎማው ሙሉ ራሽን ነው። ፍሬን 8 ከወሰደ ለመታጠፍ የሚቀረው 2 ሳይሆን 6 ነው። ስለዚህ ጥቂት ከፍሬን ላላ ያለ ሹፌር ለመሪው ብዙ ያተርፋል። እግርን ከፍሬን ትንሽ ማንሣት መኪናን ወደ መንገዱ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬን እየያዙና እየለቀቁ የሚያግዙ ኤቢኤስ ያላቸው መኪናዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው። የሚያካፍሉት ያለውን ነው፤ ከረጢቱን አይሞሉም።

የከረጢቱ ልክ ደግሞ በመንገዱ ይወሰናል። በደረቅ ጥሩ አስፋልት ላይ የሰበቃው መጠን 0.7 ነው ብንል፣ ልል ጠጠርና አሸዋ ባለበት ወደ ግማሹ ይወርዳል። ሐርጌሳ አጠገብ አስፋልቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ነፋስ ያመጣው አሸዋ በላዩ ተኝቶ የሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው፤ ዓይን አስፋልት ያያል፣ ጎማው የሚረግጠው ግን አሸዋ ነው። በሒሳቡ መሠረት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ፍሬን ከያዘ በኋላ 20 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱ 120 ሲሆን ርቀቱ 40 አይሆንም፤ 80 ሜትር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። በልል ጠጠር ላይ ከሆነ 160 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ላይ ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሣ የሚያልፈው አንድ ሰኮንድ 33 ሜትር ይጨመራል።

ከበርበራ በሐርጌሳ በኩል እስከ ወጃሌ የሚዘልቀው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ታድሶ ተሠርቷል። መንገዱ ሲሻሻል አደጋ የሚቀንስ ይመስላል፤ ፍጥነቱም አብሮ መሻሻሉ ይረሳል። በተለይ ከአወዳይና ከአካባቢው ተጭኖ በወጃሌ የሚገባው ጫት ሳይደርቅ ሐርጌሳ መድረስ ስላለበት የጫት መኪናዎች እንዴት እንደሚበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠሉ በየሰዓቱ ዋጋው ይወርዳል፣ ሹፌሩም በየሰዓቱ ይጨነቃል። እኔ እስከማየው ድረስ አስቸጋሪው ግን ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ ባዶውን ሲመለስም ነው። ፒክ አፕ ላንድ ክሩዘር የኋላ ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ነው። ጭነቱን አራግፎ፣ የኋላ ጎማው ግን ለጭነት በተሞላ ነፋስ ጠንክሮ ሲመለስ፣ በሸካራ መንገድ ላይ ጅራቱ ይዘላል። ጎማ አየር ላይ ባለበት ቅጽበት ራሽኑ ዜሮ ነው። ባለ 4.5 ሊትሩ ቪ 8 ናፍጣ ሞተር 200 የፈረስ ጉልበት ያህል አለው፤ ጉልበቱን የሚያሳየው ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ነዳጅ የረገጠ ሹፌር መኪናውን በጎኑ ሊያዞረው ይችላል። አሞርዛተሩ ያለቀ ከሆነማ አዲስ ጎማ እንኳ ብዙ አይጠቅመውም። አሞርዛተር ለምቾት ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ዋናው ሥራው ጎማውን ከመሬት እንዳይለይ መያዝ ነው።

ወደ ማርክ ቱ እንመለስ። በአንደኛ ማርሽ የሞተሩ የማሽከርከር ኃይል በካምቢዮና በዲፈረንሻል ከ10 እጥፍ በላይ ይባዛል። ያ ሁሉ የሚወርደው በሁለት የኋላ ጎማዎች ላይ፣ በዚያች የኤ ፎር ወረቀት ግማሽ ላይ ነው። ጎማው ሊቀበል ከሚችለው በላይ ሲሰጠው ባለበት ይሽከረከራል፤ ምሽት ላይ ወጣቶች ጎማ ሲያስጮኹ የምንሰማው ይኸው ነው። የሚሽከረከር ጎማ ወደ ፊት ራሽኑን ስለ ጨረሰ ወደ ጎን የሚያዘው የለም፤ ስለዚህ የመኪናው ጅራት ይወጣል። የደነገጠ ሹፌር ደግሞ ወዲያው እግሩን ጨርሶ ከነዳጁ ያነሣና ፍሬን ይረግጣል። ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀላል፣ የባሰ ይንሸራተታል። ጋራዥ የሚሠራው ተማሪዬ እንደሚለው፣ ከነዳጁ በዝግታ ማንሣት፣ ፍሬኑን አለመንካት፣ ዓይንን መሄድ ወደሚፈለግበት ማድረግና መሪውን ወደዚያው መመለስ ነው። ይህን በቃል መናገር ይቀላል። እኔ ባለፈው የዝናብ ወራት ከወጃሌ ስመለስ የተሳፈርኩባት መኪና በመጀመሪያው ካፊያ ላይ በጎኗ ስትሄድ ሹፌሩ ያደረገው ተቃራኒውን ነበር፤ መንገዱ ዳር ገደል ስላልነበረ ብቻ ይህን እጽፋለሁ። ለወራት በደረቅ መንገድ ላይ የተከማቸ አቧራና ዘይት ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሳሙና ይሆናል። አንድ ሰዓት በደንብ ከዘነበ በኋላ ታጥቦ ይሻላል።

ከዚህ በመነሣት በጎሚስታ ቤት ዘወትር የሚነሣውን ክርክር ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ሁለት ጥሩ ጎማ ብቻ መግዛት ቢችል የት ይግጠማቸው? ባለ መኪናዎች ሁሉ «ከፊት» ይላሉ፤ መሪው ያለው ከፊት ነውና። ትክክለኛው መልስ ግን ከኋላ ነው፣ መኪናው የሚጎተተው በፊትም ቢሆን። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ይላል፤ ሹፌሩ ፍጥነት ቀንሶ ሊመልሰው ይችላል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፤ አብዛኛው ሰው መመለስ አይችልም። ይህን ስናገር ተማሪዎቼ አላመኑኝም ነበር፤ አንዱ በእጅ ጋሪ ፊት ለፊት ሞክሮ እስኪያሳያቸው ድረስ።

ስለ ጎማው ራሱ ደግሞ። በጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ለብዙዎች ጌጥ ነው። ለምሳሌ 195/65 አር 15 91 ቪ የሚለውን ብንወስድ፣ 195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 91 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ ቪ ማለት እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። በቪ ፈንታ ኤስ ከሆነ 180፣ ኪው ከሆነ 160 ነው። ለኃይለኛ መኪና የኪውን ጎማ የገጠመ ሰው የፈረስን ሥራ ለአህያ እንደሰጠ ይቁጠረው። ከዚህ ሌላ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ አለ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። እዚህ የሚሸጠው አሮጌ ጎማ ብዙው ከውጭ ተጠቅመውበት የመጣ ስለሆነ ከጥርሱ በፊት ይህን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ከጃፓን የሚመጡ መኪናዎች አንዳንዶቹ የበረዶ ወቅት ጎማ እንደተገጠመላቸው መምጣታቸው ነው። ጥርሱ በደቃቅ ስንጥቆች የተሞላና ላስቲኩ በጣት ሲጫኑት ለስላሳ ነው፤ በጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት ሊኖረው ይችላል። ጥርሱ ያላለቀ ስለሆነ ገዢው ይደሰታል። ነገር ግን ያ ላስቲክ የተሠራው ለብርድ ነው። በበርበራ የበጋ ሙቀት፣ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ይለሰልሳል፣ በመታጠፊያ ላይ ይዋዥቃል፣ በፍጥነትም ያልቃል። በነገራችን ላይ እኛ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን እያልን የምንጠራው ሁሉ ከጣሊያን የቀረልን ነው፤ የዳሚ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ጎማውን ታየር ይሉታል፣ እንግሊዝ የተወላቸውን። ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ የሁለቱም ቋንቋ ይሰማል፤ ተማሪዎቼ ሁለቱንም ይናገራሉ።

የነፋስ ነገር ባጭሩ፤ ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ጎማ ሲሞቅ 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ይጨምራል፤ ያንን አይቶ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፣ ሲበርድ ከልክ በታች ይሆናልና። አሸዋ በሆነ ደረቅ ወንዝ ለማለፍ ወደ 20 ማውረድ ይረዳል፤ ጎማው ይረዝማል፣ አሸዋውን ይረግጣል እንጂ አይቆፍርም። ከአሸዋው ሲወጣ ግን ሳይሞሉ አስፋልት ላይ መሮጥ ጎኑን እያጠፈ እያሞቀ ያፈነዳዋል። ጎማ ሲፈነዳ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የነፋስ ብዛት ሳይሆን ማነሱ ነው።

አሁን የልጁን ጥያቄ እንመልከት። ባለ መኪናው አንድ ነገር በከፊል እውነት ነበረው፤ «በደረቅ አስፋልት ልሙጡም ይይዛል» ብሎት ነበር። እውነት ነው። የውድድር መኪናዎች በደረቅ ቀን ጥርስ የሌለው ጎማ ይገጥማሉ። ጥርስ በዋናነት የተሠራው ውሃና ጭቃ መውጫ እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን የውድድሩ ጎማ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ልሙጥ የሆነ፣ ለስላሳ ላስቲክ ነው። ያለቀ ጎማ ግን ልሙጥ የሆነው ላስቲኩ ስላለቀ ነው። ከሥሩ የቀረው ስስ ነው፤ ከዚያ በታች የብረት ሽቦ መረብ አለ። በጋለ ብረት ሲቆፈር የቀረው ስስ ላስቲክ ይቀደዳል፣ እርጥበትና አሸዋ ወደ ሽቦው ይገባል፣ ሽቦው ከላስቲኩ ይላቀቃል። ከውጭ አዲስ ጥርስ ያለው ይመስላል፣ በ120 ላይ ሲግል ግን ቆዳው ተገፎ ይወጣል። አንዳንድ የከባድ መኪና ጎማዎች እንደገና እንዲቆፈሩ ታስበው ወፍራም ሆነው ይሠሩና በጎናቸው ላይ ይጻፍባቸዋል። የትንሽ መኪና ጎማ ግን እንዲህ አይደለም። በብዙ አገሮች ሕግ 1.6 ሚሊ ሜትር የደረሰ ጥርስ አልቋል ይባላል፤ በጥርሱ መካከል በየቦታው ከፍ ብለው የተሠሩ ትንንሽ ድልድዮች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ ያ ልክ ደርሷል። የክብሪት እንጨት አስገብቶ በጥፍር ምልክት አድርጎ በማስመሪያ መለካትም ይቻላል።

ልጁ ይህን ይዞ ሄደ። ለሰውየው ግን ስለ ፒታጎረስ አልነገረውም። ከአራቱ ጎማዎች በጣም ያለቀውን አውጥቶ፣ ከፀሐይ ፊት አድርጎ፣ በአንድ ጎኑ ብልጭ የምትል ሽቦ አሳየው። «ጋሼ፣ እኔ ከዚህ በላይ ብቆፍር ሽቦውን ነው የማገኘው» አለው። ሰውየው ተቆጣ፤ ወደ ሌላ ጎሚስታ እሄዳለሁ ብሎ ሄደም። ሦስት ቀን ቆይቶ ተመለሰ፤ ሁለት ጎማ ገዝቶ ነበር። ከፊት ግጠምልኝ አለ። አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። በመጨረሻ ከኋላ ተገጠሙ፤ ከፊት ደግሞ ከአሮጌዎቹ የተሻሉት ሁለቱ ለጊዜው ቀሩ፣ በወሩ መጨረሻ እቀይራለሁ በሚል ቃል። ይቀይር አይቀይር እስከ ዛሬ አላወቅንም። ልጁ ግን በየጠዋቱ ያ መኪና በዚያ መንገድ ሲያልፍ ከጥላው ወጥቶ የፊት ጎማዎቹን ይመለከታል።

የወረዱት ሁለቱ ጎማዎች በሰፈሩ ጫማ ለሚሠሩ ጎረቤቶች ተሰጡ። ሽቦ ያለበትን የፊቱን ትተው ጎኑን ብቻ ቆርጠው ወሰዱ፤ ከዚያ በረባሶ ይወጣል።